የረቢያ ጆሮ

ረቢያ ከሐይቅ ከተማ ተነሥታ ኩዌት ስትገባ ፒያኖ የሚባል ዕቃ አይታ አታውቅም። ስድስት ዓመት በሠራችበት ቤት ግን የአሠሪዎቿ ልጅ ኢቲሳም በየቀኑ ትለማመድ ነበር። ረቢያ ወለል ስትወለውልም ልብስ ስትተኩስም ጆሮዋ እዚያው ነው። እያደር ሞዛርትን ከቤትሆቨን፣ ቤትሆቨንን ከሾፓን ለየች፤ ዐረብኛው ሲገባት ደግሞ ስማቸውን ያዘች።

አንድ ዓርብ እንግዶች መጡ፤ የኢቲሳም የፒያኖ መምህርም አብረው ነበሩ። ኢቲሳም ተጫውታ ስትጨርስ እንግዶቹን ለማሳቅ ብላ ሻይ የምታዞረውን ረቢያን ጠየቀቻት።

«አንቺስ ማንን ትመርጫለሽ? ሾፓንን ነው ቤትሆቨንን?»

ረቢያ ትሪውን እንደያዘች መለሰች። «ሾፓን ሲያዝን ሰው እንዲያይለት ይፈልጋል። ቤትሆቨን ግን ታየ አልታየ ግድ የለውም፤ ብቻውን በፒያኖ ሲመጣ እንኳ ኦርኬስትራው ሁሉ ከኋላው የቆመ ይመስለኛል። አንቺ ግን ሁለቱን አንድ አድርገሽ ነው የምትጫወቺያቸው።»

እንግዶቹ ሳቁ። መምህሩ አልሳቁም። «ይቺ ሠራተኛችሁ ካንቺ የተሻለ ትሰማለች» አሏት ተማሪያቸውን።

በማግስቱ ኢቲሳም የፒያኖውን አቧራ እንድትጠርግ ረቢያን ጠራቻት። ረቢያ ጨርቋን ይዛ ጎንበስ እንዳለች ከባዱ ክዳን ቀኝ እጇ ላይ ወረደ። ኢቲሳም ክዳኑን ለማንሣት አልቸኮለችም። በኋላ ግን ከፈተችው፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ረቢያ መሬት ላይ እጇን አቅፋ ስታቃስት ሾፓንን ጀመረችላት።

ሦስት ጣቶቿ ተሰብረው ነበር። «በር ነው የተዘጋባት» ተባለና ስብራቱ በወጉ ሳይጠገን ወደ አገሯ አሳፈሯት።

ሐይቅ ላይ እጮኛዋ ማህዲ ይጠብቃት ነበር። እናቱ ሊጠይቋት መጥተው እጇን አገላብጠው አዩት። «አላህ ያሽርሽ ልጄ» አሉ። ደጅ ሲወጡ ግን «እጀ ሙሉ ሴት አላጣለትም» ሲሉ ሰማቻቸው። ማህዲ አንድ ቃል ሳይልክላት በሸዋል ወር ሌላ አገባ።

የደረሰባትን ሁሉ ያጫወተችው ለጓደኛዋ ለሀፊዛ ብቻ ነው። ሀፊዛ ደግሞ በማህዲ ሰርግ ላይ አወራችው፤ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

አሁን ረቢያ ሐይቁ ዳር ዓሣ ትሸጣለች፤ ቅርፊቱን የምትገፍፈው በግራ እጇ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቤትሆቨንን ትሰማለች። ሾፓን ከመጣ ታጠፋዋለች።

«ፒያኖ፣ እስቲ ሁለት ዓሣ ምረጪልኝ» ይሏታል ደንበኞቿ።

«እሺ» ትላለች። በስሟ የምትጠራት እናቷ ብቻ ናት።