ማርያም ደጃፍ የሚጠፋ ሞተር

ዘገየ ልጁን ከቀበረ ወዲህ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰም። በፍትሐቷ አላለቀሰም፣ በአርባዋም አላለቀሰም። በሙት ዓመቷ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲንሰቀሰቅ እሱ ወንበር ያቀብል ነበር። ሰዉ መጀመሪያ ላይ «ጠንካራ ነው፣ ቻለው» አለ፤ በኋላ እሱንም ማለት ተወ። ባለቤቱ ዘርፈሽ ግን አልተወችም። «እሷን አጥቼ እሱንም ላጣው ነው፤ ውስጡ ደርቋል» እያለች ለጎረቤት ታወራለች፣ ለንስሐ አባቷ ታወራለች። ለራሱ ስትነግረው «ምን ሆንኩ? ደህና ነኝ» ይላትና እራቱን ይበላል። ደግሞ አልዋሸም። የሚያመው ነገር አልነበረም። የሚጥመውም አልነበረም።

ሥራው ከአምቦ ወንጪ ሰው ማመላለስ ነው። ሚኒባሱ ናፍጣ ነው፣ ቱርቦ አለው፤ ያንን ዳገት ሰው ሞልቶ የሚወጣው በቱርቦው ጉልበት ነው። ድሮ ማታ ማታ ሥራ ሲጨርስ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ልጁን ሳምሪን ይጠብቃት ነበር። ሞተሩን አያጠፋም፣ ጥሩምባም አይነፋም። ሳምሪ ከግቢው ውስጥ ሆና የሞተሩን ድምፅ ትለየዋለች፤ «የአባባ ነው» ብላ ከጓደኞቿ ተለይታ እየሮጠች ትወጣለች። አሥረኛ ክፍል ሳለች ኩላሊቷን ታመመች፣ ብዙም አልቆየች።

ዳገቱ አናት ላይ አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። የዘርፈሽ ቤተሰቦች የሚቀበሩት እዚያ ስለሆነ ሳምሪም ከአያቷ ጎን አረፈች። ሬሳዋን የወሰደው ራሱ ዘገየ ነው፤ ሌላ ሰው ይንዳ ቢሉት እምቢ አለ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ካህናቱ ጸሎት ሊጀምሩ መኪናውን ከበቡ። ሞተሩ ግን ገና ይጮኻል፤ ዘገየ መሪውን እንደያዘ ፈዞ ቀርቷል። አንድ ሽማግሌ በመስኮቱ ጠጋ ብለው «ሞተሩን አጥፋው፣ ዘገየ» አሉት። አጠፋው። ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚያች ደጃፍ ባለፈ ቁጥር ይቆማል። ሌላው ሾፌር ሬዲዮውን ቀንሶ፣ አማትቦ ያልፋል፤ ከዚህ በላይ የሚጠይቀውም የለም። ዘገየ ግን ጥጉን ይይዛል፣ ሞተሩን ቀጥ ያደርገዋል፣ ያማትባል፣ ወዲያው አስነስቶ ይሄዳል። ወደ ቅጥሩ አያይም። ተሳፋሪው ነገሩን ያውቃል። ሐይቁን ሊያይ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ «ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አጠገቡ ያለው ሰው በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል።

በዚህ መሀል ቱርቦው ሞተ። መጀመሪያ ያፏጭ ጀመር፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ጭስ አመጣ፣ በመጨረሻ ዳገቱ ላይ እንደ ደከመ በሬ ቆመ። አምቦ ላይ ጋራዥ ያለው የልጅነት ጓደኛው ሂርጳ ቀየረለት። ዓመት ሳይሞላው አዲሱም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛው ከሄደ መኪናውን ከመሸጥ ሌላ ምርጫ የለም። መኪናው ከተሸጠ ደግሞ ዘገየ ያንን ዳገት በምን ምክንያት ይወጣዋል? ይህን ያሰበችው ዘርፈሽ ናት። እሱ ምንም አላሰበም።

ሂርጳ መጀመሪያ ዘይቱን ጠረጠረ፤ ዘይቱ ጥሩ ነው፣ በሰዓቱም ተቀይሯል። አቧራ ገብቶ ይሆን ብሎ የአየር ፊልትሮውን አየ፤ ንጹሕ ነው። ቢጨንቀው የሞተውን ቱርቦ ፈታቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋውና ዘገየን ጠራው።

«እየው ማሎ፣ እባክህ» አለው። «ይቺኛዋን ፋን ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ያሽከረክራታል። ያቺኛዋ በዚሁ ዘንግ ተያይዛ ስትዞር አየር እየሳበች ለሞተሩ ታጎርሰዋለች። ጉልበትህ እሱ ነው። ዘንጉ የሚዞረው ስስ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ያው ዘይት ነው። ሞተር ስታጠፋ ዘይቱ መምጣቱን ያቆማል፤ ዘንጉ ግን እንደጋለ ነው። እዚያው የቀረችው ዘይት አርራ እንዲህ ትሆናለች።» በጥፍሩ ቢፍቀው ጥቁር ከሰል ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። «ዳገት ወጥተህ፣ ገና እንደጋለ የምታጠፋበት ቦታ አለ?»

«የለም» አለ ዘገየ።

እየዋሸው አልነበረም። ማርያም ደጃፍ የሚያደርገው ነገር ሞተር ማጥፋት ነው ብሎ አስቦት አያውቅም።

ሂርጳ ሦስተኛውን ገጠመና ድምፁን ላዳምጥ ብሎ አብሮት ወጣ። ዳገቱ አናት ላይ ዘገየ ጥጉን ያዘ፣ ሞተሩን ቀጥ አደረገ፣ አማተበ፣ አስነሳ። ሂርጳ ነገሩ ገባው። ከወንጪ ሲመለሱ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ እንደምንም ጀመረው።

«አትቁም አልልህም» አለ። «ቁም። ግን ወዲያው አታጥፋው። ሚኒሞ ላይ ተወው፤ ነዳጅ ሳትረግጥ ዝም ብሎ ይሥራ። ጥቂት ደቂቃ ስጠውና ከዚያ ታጠፋዋለህ።»

«እየጮኸ?»

«እየጮኸ።»

«ሰው ያረፈበት ቦታ እኮ ነው፣ ሂርጳ።»

«አውቃለሁ» አለ ሂርጳ። «ሳጥኗን ከያዝነው አንዱ እኔ ነኝ።»

ዘገየ ማታ ለዘርፈሽ ነገራት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ብዙ ትል ነበር። «የነገረህን አድርግ» ብቻ አለችውና ሳህኑን አነሳች።

በማግስቱ ሰው ሞልቶ ወጣ። ከፊት አጠገቡ የተቀመጠችው እታገኝ ናት፤ ወንጪ ገበያ ቆጮ ልትገዛ በየሳምንቱ የምትወጣ ነጋዴ። ደጃፉ ላይ ጥጉን ያዘ፣ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ፣ መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። አማተበ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይሠራል። ወትሮ ይህን ጊዜ አስነስቶ ሄዷል፤ ዛሬ መቆየት አለበት፤ መቆየቱን ደግሞ በምን እንደሚሞላው አያውቅም። መሪውን አየ። መስታወቱን አየ። የሚያየው ሲያጣ ወደ ቅጥሩ በር አየ።

በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከወዲያ ሣሩ ይታያል። ዘገየ ሞተሩ እየሠራ፣ እጁ ጉልበቱ ላይ፣ ዓይኑ በሩ ላይ ሆኖ ተቀመጠ። ይህን አቀማመጥ ሰውነቱ ከእሱ ቀድሞ አስታወሰው። እዚያ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ስንት ዓመት እንዲህ ተቀምጧል። ሞተሩ ይጮኻል፤ እሷ ትሰማለች፤ በሩ ይከፈታል።

በሩ አልተከፈተም። ዘገየ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ፤ ትከሻው እስኪናወጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ከኋላ አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ሌላው ሰው አንገቱን ደፋ።

ቱርቦው ከበረደ ቆይቷል። ዘገየ ቀና አለና ቁልፉን ያዘው። አላጠፋውም።

«ትንሽ ልጠብቃት» አላት እታገኝን።

«ጠብቃት» አለችው። «እኛ አንቸኩልም።»