ከጎሊና አሸዋ ላይ የመዘዝኩት እንጨት

ዛሬ ጠዋት ጎሊና ወንዝ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሲከተሉኝ አረፈዱ።

ሮቢት ላይ ከሚኒባስ ወርጄ በእግሬ እየዞርኩ ነበር። ባሕር የሌለው ሰው ምን ያድርግ? የእኛ የባሕር ዳርቻ ይኸው የደረቀ ወንዝ አሸዋ ነው።

ገደሉን ፎቶ ለማንሳት ስቆም ሽማግሌው ይቆማሉ። ግራሩ ውስጥ ስገባ ይገባሉ። እውነቱን ለመናገር ሌባ መስለውኝ ስልኬን የውስጥ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

በመጨረሻ ዞር አልኩና "አባባ፣ ምን ፈልገው ነው?" አልኳቸው።

"አንተ ምን ፈልገህ ነው? ማን ላከህ? ታችኞቹ ናቸው?"

በእጄ የያዝኩትን እንጨት ጠቆሙኝ። ለምርኩዝ ብዬ አሸዋው ላይ ከተከመረ ቅርንጫፍ የመዘዝኩት ነው። ለካ ክምሩ ተራራው ላይ ሲዘንብ የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ማሳቸው የሚጠልፉበት ኖሯል! ከላላ ጎርፉ ሰብሮት ከታች ወዳሉት ገበሬዎች ይወርዳል፤ የእሳቸው ማሽላ ይደርቃል።

ይቅርታ ጠይቄ መልሼ ሰካሁት። እሳቸው ነቅለው እንደገና ሰኩት።

"መሬትህ በየት በኩል ነው?"

"መሬት የለኝም አባባ፣ ቆቦ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ለመዝናናት ነው የመጣሁት።"

ከእግር እስከ ራሴ ገረመሙኝ። "መሬት የሌለው ሰው ወንዝ ውስጥ ምን ይሠራል?"

እስከ አስፋልቱ ተከተሉኝ። ሚኒባሱ ሲነሳም እዚያው ቆመው እጄን ያዩ ነበር።

እናንተስ ለሽርሽር ወጥታችሁ በምን ተጠርጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጎርፍ በመስረቅ።