ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የተገኘችው ኩራዝ

የሙዚየሙ መጋዘን ሠራተኞች እስከ ዛሬ ድረስ «ዝውውር» እያሉ ነው የሚጠሯት። ስሙ የወጣላት ዩኒቨርሲቲ ሳለች ነው፤ ተከትሏት መጋዘኑ ድረስ ገባና እዚያው ቀረ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አንድ ልማድ አላት። ገና ወንበር ሳይስብ ታስቆመውና፣ እዚያ ቤት ሁሉም ሰው የሚያውቀውን፣ ግን ማንም ለእንግዳ መንገር ትዝ የማይለውን ነገር አንድ በአንድ ትዘረዝርለታለች። የትኛው መደርደሪያ እንደሚወላገድ፣ የትኛው ማሰሮ የጥንት፣ የትኛው ደግሞ አምና ተመስሎ የተሠራ እንደሆነ፣ ኃላፊው በምን በምን እንደሚቆጣ። አንዳንዱ «ይቺ ሴትዮ ወሬ ታበዛለች» ብሎ ያማታል። ይማት። እንዲህ የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። እናቷ ካረፈች በኋላ አንድ ልጁን ስፌት መኪናው ሥር አሳደገ። ፋርማሲ ኮሌጅ የገባች ጊዜ የደንበኛውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን ብሎ ነጭ ጋዋን ሰፋላት፤ ያውም ገበር ያለው። ጋዋን ገበር እንደማያሻው አጥቶት አይደለም፣ ደስ ብሎት ነው። ለመጣ ለሄደው «ልጄ እኮ መድኃኒት ልትቀምም ነው» ይል ነበር። ልጅቷ ግን የመድኃኒቶቹ ስም የላቲን መሆኑን የሰማች ዕለት መድኃኒቱን ትታ ስሙን ተከተለች። ከላቲን ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ደግሞ አፈር ወደ በላቸው ከተሞች እያለች፣ ፈተናዋን ማጥናት ሲገባት የፈራረሰ ቤት ካርታ ስታይ ትውል ጀመር። በመጨረሻም አባቷን ሳታማክር ጥንታዊ ቋንቋዎችና አርኪዮሎጂ ወደሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር አመለከተች፤ ተቀበሏት።

አባቷ ሲሰማ አልጮኸም። መቀሱን አስቀመጠና «እና ምን ልትሆኚ ነው?» አላት።

«የጥንት ሰዎች ትተውት የሄዱትን እየቆፈርን እናጠናለን፣ አባዬ።»

«ጋዋኑንስ?»

«ይዤው እሄዳለሁ።»

«ሸክላ ለመልቀም በጋዋን» አለና መኪናውን ማሽከርከር ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ስትደውልለት «ደህና ነሽ? በይ እሺ» ብሎ ይዘጋዋል። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ዩኒቨርሲቲው የቀደመ ትምህርቷን ቆጥሮላት በቀጥታ ሦስተኛ ዓመት አስገባት። ሌሎቹ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው፤ ቀልዳቸው ሳይቀር ግማሹ በጥቅሻ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንዱ ኳስ ወዳድ «በስንት ተገዛሽ? ውልሽስ የስንት ዓመት ነው?» አላትና ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «ዝውውር» ተብላ ቀረች። አልከፋትም። ስም የወጣለት ሰው ቤተኛ ሆኗል ማለት ነው ብላ አሰበች፤ የዋህ ነበረች።

ከሁሉም የቀረበቻት የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ነበረች፣ ረጅሟ። ጎንበስ ሳትል በር የማታልፍ፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ከመደርደሪያዋ ግማሹን ለቀቀችላት። ያመለጣትን የላቲን ስም እርባታ ለሻወር ወረፋ እንደቆሙ፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ስታስደግማት ከመደጋገሙ የተነሳ ወረፋ ጠባቂዎቹ ሁሉ ሸመደዱት። «እህቴ እኮ ነሽ» ትላታለች። እህት ያልነበራት ልጅ ይህን ስትሰማ ምን እንደሚሰማት ለመገመት ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

የቁፋሮው ትምህርት የሚሰጠው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ በግንቡና በውኃ ታንከሩ መካከል ባለው መሬት ላይ ነው። መሬቱ በሲባጎ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሏል፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ። በካዞላ፣ በግንበኛ ማንኪያ፣ አፈሩን ስስ አድርጎ መላጥ፣ በብሩሽ መጥረግ፣ የተገኘውን ከቦታው ሳያነሱ መሣል፣ ከዚያ ማንሳት። ሌሎቹ እየተሳሳቁ ሲጭሩ እሷ ትንፋሿን ውጣ ነበር የምትሠራው። አንድ ከሰዓት በኋላ ካዞላዋ ስር የሸክላ ጠርዝ ብቅ አለ። ስትጠርገው መዳፍ የምታህል ኩራዝ ሆና ወጣች። ክሩ የሚገባበት አፏ ጥላሸት እንደለበሰ ነው።

ዝውውር ጉድጓዱ ውስጥ እንደተንበረከከች አለቀሰች። ተማሪዎቹ ተሰበሰቡ። ኳስ ወዳዱ «እንዴ፣ እሷ አል...» ብሎ ሲጀምር ረጅሟ በዓይኗ ያዘችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ አቀፈቻትና «አንቺ እኮ ዕድለኛ ነሽ!» አለቻት። አንዱ ከኋላ ሳል ያዘው። መምህሩ መጥተው ሥዕሏን አዩና «ጥሩ ሥለሻታል» ብለው ብቻ አለፉ። ትልቅ ሰው ነገር አያጋንንም ብላ ይበልጥ አከበረቻቸው።

ከዚያ በኋላ ምሳ ላይ ሁሉ «እስቲ ዝውውር፣ እንዴት እንደወጣች ንገሪን» ይሏት ጀመር። ትነግራቸዋለች። እዚህ ቦታ ቤት እንደነበረ፣ የቤቱ ሰዎች በችኮላ እንደወጡ፣ ኩራዟን ማን እንዳጠፋት እንደምታስብ ሁሉ። ከንፈራቸውን ነክሰው ያዳምጧታል። በጥሞና መስሏት ነበር።

ለአባቷ ደወለች። «አባዬ፣ አገኘሁ።»

«ምን አገኘሽ?»

«ኩራዝ። የመጨረሻ ያጠፋት ሰው ከሞተ ሺህ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። ከሱ ቀጥሎ በእጁ የነካት ሰው እኔ ነኝ።»

አባቷ «በይ እሺ» አላለም። «እንዴት ያለች ናት?» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «መምጣት ይቻላል?» አለ።

ሱቁን ዘግቶ፣ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ሜትሩን እንደ ወትሮው አንገቱ ላይ እንደረሳው መጣ። ዝውውር ቤተ ሙከራው ውስጥ ሸክላ ስታጥብ ነበር። ያ ገበር ያለው ነጭ ጋዋን ላይዋ ላይ ጭቃ መስሏል። አባቷ እጅጌውን ይዞ አገላብጦ አየውና «ለዚህም ይሆናል ለካ» አለ። ከተለያዩ ወዲህ ከሰማችው ሁሉ የጣፈጣት ይህ ቃል ነው። ኩራዟን ስታሳየው ግን እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ፣ እንዳይሰብራት ፈርቶ።

ረጅሟ አጠገባቸው ቆማ ነበር። «ይንኳት እንጂ፣ አባባ፣ ልጅዎ ያገኘቻት ናት። እንዲህ ያለ ነገር ለስንቱ ነው የሚገኘው?» አለችው።

አባትዬው ነካት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ፣ ምን አድርጎ እንደሚያመሰግን የጠፋው ሰው የሚያውቀውን እንደሚያደርገው፣ ሜትሩን ካንገቱ አወረደና «ነይ እስቲ አንቺ ልጅ» አላት። «ልጄን እንደ እህት ይዘሽልኛል አሉ። የሱቅ ኮት ለክንድሽ እንደማይበቃሽ እያየሁት ነው፤ እኔ እሰፋልሻለሁ።» ረጅሟ ሁለት እጇን ዘርግታ እየሳቀች ቆመች። ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ ክንዷን ለካ። ብዙም ሳይቆይ ኮቱ በአውቶቡስ ተላከላት፤ ግራጫ፣ ገበሩ ሐር የመሰለ፣ ልክክ ያለ። አባትዬውም የኩራዟን ፎቶ አሳጥቦ ከሱቁ መስታወት አጠገብ ሰቀለው። ልብስ ሊለካ የገባ ደንበኛ መርፌ ቁልፍ እንደተሰካበት የዝውውርን ታሪክ ሳይሰማ አይወጣም፤ ወዴት ይሂድ?

የትምህርቱ ማብቂያ ላይ መምህሩ የእንጨት ሣጥን ይዘው ቤተ ሙከራው ገቡ። «በሉ የተቀበረውን ሁሉ መልሱልኝ። ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች ጉድጓዱን ማዘጋጀት አለብኝ» አሉ። ተማሪዎቹ ያወጡትን ስባሪ እያመጡ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጡ። ዝውውር ስለ ሌላ ነገር የሚነጋገሩ መስሏት ቆማ ታያለች። መምህሩ እጃቸውን ሰደው ከመደርደሪያዋ ላይ ኩራዟን አነሱ።

«ይቺ ባለውለታችን ናት። በየዓመቱ አንድ ሰው ያወጣታል።»

«መምህር፣ እሷ እኮ ከቁፋሮው የወጣች ናት» አለች ዝውውር።

ሳቁ ፈነዳ። ሲታመቅ የከረመ ሳቅ ነበር። መምህሩ ብቻ አልሳቁም። «አታውቂም ነበር እንዴ? ከየት እንደተገኙ የማይታወቁ ዕቃዎች ለጥናት ስለማይሆኑ ለልምምድ እንቀብራቸዋለን። አንደኛ ዓመት መግቢያ ላይ እኮ ነው የሚነገረው» አሉና ወዲያው ገባቸው። «ለካ አንቺ አንደኛ ዓመት እዚህ አልነበርሽም።» ወደ ክፍሉ ዞሩ። «አንድ ሰው እንኳ አልነገራትም?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ዝውውር ረጅሟን አየቻት። ግራጫውን ኮት ለብሳ መሬት መሬት ታያለች።

መኝታ ክፍላቸው ሲገቡ በሩ እንኳ ሳይዘጋ «መቼ ልትነግሪኝ ነበር?» አለቻት።

«መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ያኔውኑ ልነግርሽ ነበር፤ ስታለቅሺ ሳይሽ አቃተኝ።»

«በማግስቱስ?»

«በማግስቱ ይበልጥ ከበደኝ። ከዚያ አባትሽ መጡ።»

«አባቴን ‹ይንኳት› በያቸው ያለሽ ማን ነው? ዝም ማለትም ከበደሽ?»

«ደስ ሲላቸው አይቼ ነው።»

«ኮቱንስ? ምን ሲልሽ አይተሽ ነው የለበስሽው?»

ረጅሟ ኮቱን አወለቀችና አጥፋ የዝውውር አልጋ ላይ አኖረችው። ዝውውር አልነካችውም። የሌሎቹ ሳቅ አናዷት ነበር፣ ንዴት ደግሞ ያልፋል። «እህቴ እኮ ነሽ» የምትለዋ ግን እነዚያን ከንፈር የተነከሰባቸውን ምሳዎች ሁሉ አጠገቧ ቁጭ ብላ አብራ አዳምጣለች። አንጀቷን ያሳረራት ይህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሱቁ በሚከፈትበት ሰዓት፣ ልብስ ማስጫው ጋ ወጥታ ስልኩን ያዘች። ዝም ብትል አባቷ ደስ እንዳለው ይኖራል። ይህንንም አሰበችው። ግን ዝም ማለት ምን እንደሆነ ትናንት አይታዋለች፤ አባቷ ላይ አትደግመውም። ነገረችው። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ኩራዟ ውሸት ናት?»

«ኩራዟ እውነተኛ ናት፣ አባዬ። ግን እኔ አይደለሁም ያገኘኋት። ለልምምድ ቀብረዋት ነው። በየዓመቱ ይቀብሯታል።»

«አላልኩሽም?» እስኪላት ጠበቀች። አላላትም።

«ልጆቹ ያውቁ ነበር?»

«ሁሉም።»

«ረጅሟም?»

«እሷም።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስለካትም?» አለ።

«ስትለካትም ታውቅ ነበር።»

«እንደዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እንግዲያ ያታለለችው ሁለታችንንም ነዋ» አለ።

ዝውውር ልብስ ማስጫው ገመድ ስር ቁጭ አለች። ትናንት ያልመጣው እንባ አሁን መጣ። በስልኩ ውስጥ የሱቁ በር ሲከፈት፣ ደንበኛ ገብቶ ሰላምታ ሲሰጥ ሰማች። ሰውዬው ወሬውን ከሌላ ሰምቶ የመጣ መሆን አለበት። «ይቺ ናት ልጅዎ ያገኘቻት የተባለችው?» ሲል ተሰማት።

አባቷ የስፌት መኪናውን መልሶ ማሽከርከር ጀመረ።

«የኩራዝ ፎቶ ነው» አለው።