ሞላ የሌላት ሳይክል

ጎረቤቴ ለልጇ የገዛችላት የተራራ ሳይክል ከኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ሥር ቆማ ትውላለች። ትናንት በአጠገቧ ሳልፍ መሪዋን በግራ እጄ ወደ ታች ተጫንኩት፤ የፊት እግሯ ላይ ያሉት ሁለት ሞላዎች በቀስታ ሰመጡና መልሰው ተነሡ፣ የግሪስ ሽታም አፍንጫዬን ሞላው። በቀኝ እጄ አልሞከርኩም። ቀኝ እጄ ከአንጓው ተሰብሮ ወጌሻ አጣምሞ ካሰረው ወዲህ የቤቴን ቁልፍ እንኳ በወጉ አያዞርም፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከደረጃ ወድቄ ነው እላለሁ።

አባቴ ጌጃ ሰፈር ውስጥ በያጅ ነበር። ትምህርት በጨረስኩበት ክረምት፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ ሰው ሁለት ያገለገሉ የተራራ ሳይክሎች ለቀቀለት፤ አንዷ ከፊት ባለ ሞላ፣ ሌላዋ ደረቅ ብረት። ባለ ሞላዋን በሁለት ዓመት ለሚያንሰኝ ለወንድሜ ለግርማ ሰጠው፣ «ሴት ልጅ ቀስ ብላ ነው የምትነዳው፣ ሞላ ምን ያደርግላታል?» ብሎ። እኔም የሰፈሩን ኮረኮንች በደረቋ ተማርኩት። መጀመሪያ እያንዳንዱ ድንጋይ በመዳፌ ገብቶ በጥርሴ ይወጣ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ክርኔን ማላላት፣ ከኮርቻው ብድግ ማለት፣ መንገዴን ከሩቅ መምረጥ አወቅሁበት፤ ሞላው እኔው ሆንኩ። ግርማ ሞላውን አምኖ፣ ተደላድሎ ተቀምጦ፣ ያገኘውን ጉድጓድ ሁሉ እየረገጠ ይወርዳል፤ ሁልጊዜም ከኋላዬ። «አንቺን ደግሞ ማን ያገባሻል!» የሚሉኝ የሰፈር ሴቶች እንኳ ስደርስባቸው ዘንቢላቸውን ሰብስበው ያሳልፉኝ ነበር።

አንድ የብስክሌት ክለብ ከሰፈራችን አንድ ሰው በቁልቁለት ውድድር ሊመርጥ መጣ። በዋዜማው ግርማ ተንደርድሮ ቦይ ውስጥ ገባና አንደኛው ሞላ ተሰበረ። አባቴ ሞላውን ከነቱቦው አንድ ላይ በየደው፣ ሞረደው፣ ጥቁር ቀለም ቀባው፣ «የእኔ ብየዳ ከፋብሪካው ይበልጣል» አለ። ጠዋት ያችን ለእኔ አቀረበልኝ፤ የእኔን ደህናዋን ለግርማ ሰጠው። በብየዳው ያን ያህል ካመነ ለምን ለወንድ ልጁ እንዳልሰጠ አልጠየቅኩትም። ግርማ አንገቱን ደፍቶ መሪዬን ያዘ።

ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ብየዳው ለቀቀ።

ግርማ ተመረጠ፣ ሜዳሊያም አመጣ። በየዘመድ ድግሱ «እኔን ሰው ያደረገኝ ደረቅ ሳይክል ነው» እያለ የእኔን ክርን፣ የእኔን ኮረኮንች እንደ ራሱ ሲያወራ፣ እኔ በግራ እጄ ሳህን አነሣ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ «የእሷ ነበረች» እንዲል ስጠብቅ አረጀሁ። አባታችን ሞተ፣ ቤታችን ፈረሰ፣ ከግርማ በቀር የሚመሰክርልኝ ጠፋ። እሱንም አምና በሽታ አእምሮውን መንጠቅ ጀመረ።

ዛሬ ጠዋት፣ ጨርሶ ሳይረሳው አፉን ላስከፍተው፣ ሰንጋ ተራ ወዳለው ቤቱ ሄድኩ። ስለ ሳይክሎቹ ጠየቅኩት። ፊቱ በራ፤ አተኩሮ አየኝና፣ የመንገድ ሰው እንደሚጠራኝ፣ «እማማ» አለኝ። «እህት ነበረችኝ። ደርሼባት አላውቅም። የተሰበረችዋን ለእሷ ሰጥተን የእሷን እኔ ወሰድኩ። ብየዳው እንደተሰነጠቀ ያን ዕለት ጠዋት አይቼ ነበር፤ ዝም አልኩ።»

ይህን አላውቅም ነበር።

ከዚያ እጄን ያዘ፣ ቀኙን። «አደራዎን፣ ለእሷ እንዳይነግሩብኝ። ትቀየመኛለች።»

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ቃል መጣ፤ የምጮህበትም፣ ይቅር የምለውም ወንድም ግን ቀድሞ ሄዷል። ጠማማው አንጓዬ በመዳፉ ውስጥ ነበር፣ እሱም እንደ ሕፃን መልሴን ይጠብቃል።

«አልነግራትም» አልኩት።