በጣቢያው ግቢ የወለደችው ባዝራ

ሊይዙኝ በመጡ ዕለት የአንዷን ባዝራዬን ሰኮና እየሞረድኩ ነበር። ሦስት ፖሊሶች ናቸው። አንደኛው ስሜን ጠርቶ «አንተ ነህ?» አለኝ። «ነኝ» አልኩት። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አለ። የቀረኝ አንድ እግር ብቻ ስለነበር ልጨርስ ብዬ ጠየቅኩ፤ ፈቀዱልኝ። ጨርሼ እጄን ታጠብኩና ሚስቴን «ቡላዋን ባዝራ ከግቢ እንዳታስወጫት፤ ቀኗ ደርሷል» ብያት ተከተልኳቸው።

ቤታችን ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ፈረስ ማርባቱን የተማርኩት ከእናቴ ነው። እሷ ባዝራ ስታዋልድ መብራት ያዥ ሆኜ ነው ያደግኩት። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ቡና የሚወጣው በፈረስ ነው፤ በሽተኛም የሚወጣው በፈረስ ነው። ስለዚህ የእኛ ውርንጭላ ፈላጊ አጥቶ አያውቅም። የምናረባው ግን በራሳችን መሬት ብቻ አይደለም። ከወንዙ ዳር የቀበሌው ሰው ሁሉ ከብቱን የሚያሰማራበት ሜዳ አለ። በአንድ ስብሰባ ላይ ሜዳው ለፕሮጀክት ተሰጥቷል፣ ሕዝቡም ተስማምቷል ተባለ። እጄን አወጣሁ። «እኔ አልተጠየቅኩም። እዚህ የተቀመጠው ሰውም አልተጠየቀም። የተስማማንበት ወረቀት ካለ ይነበብልን» አልኩ። ሰው አጨበጨበ። ፖሊሶቹ የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው።

በፖሊስ ጣቢያው ያሰሩኝ ክፍል አራት እርምጃ በሦስት ቢሆን ነው። ቆርቆሮው ያፈሳል፤ በካፋ ዝናብ የሚያፈስ ቆርቆሮ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስምንት ነበርን። እርጥብ ጫማና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ገና ስገባ አንድ ሽማግሌ ምንጣፋቸውን ግማሹን ጠቅልለው «ና፣ እዚህ ደረቅ ነው» አሉኝ። ዋጫ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ ነጋዴ ናቸው። ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። ሱቃቸው በረንዳ ላይ ሰው እየተሰበሰበ ፖለቲካ ያወራል ተብለው ነው የታሰሩት። «እኔ ስኳር ነው የምሸጥ፤ ወሬውን እነሱ ናቸው ይዘውት የሚመጡ» ይሉ ነበር።

ክፍሉ አንዲት ጠባብ መስኮት ነበረችው፤ የጣቢያውን ጓሮ ታሳያለች። ጓሮው ውስጥ የተያዙ ሞተር ሳይክሎች፣ የተቆለለ ጣውላና አንዲት ዳማ ባዝራ ነበሩ። ባዝራዋ ኤግዚቢት ናት። ሁለት ሰዎች የእኔ ናት፣ የእኔ ናት ተባብለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። ማንም ግን ማርገዟን ያስተዋለ አልመሰለኝም። ጥጋብ ነው ብለውት ይሆናል።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ወደ ሽንት ቤት ሲያወጡን በአጠገቧ አለፍኩ። ጡቷ ጫፍ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ደርቋል። ጭራዋ ሥር ያለው ሥጋ ላልቷል። ለሚጠብቀን ሳጅን «ይቺ ባዝራ ዛሬ ትወልዳለች» አልኩት።

«አንተን ነው የምጠብቀው ወይስ እሷን?» አለና ሳቀ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ሐጂ በመስኮቱ እያዩ «ልጄ፣ ፈረሷ ታማለች» አሉኝ። ተነስቼ አየሁ። አልቧታል። ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ዞራ ጎኗን ታያለች። የሽርት ውሃዋ ፈሷል። አንድ እግር ወጥቷል፤ አፍንጫም ይታያል። ሁለተኛው እግር ግን የለም። ትንሽ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ፈረስ እንደ ላም አይደለችም፤ ጊዜ አትሰጥም። በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩ።

ሳጅኑ ተቆጥቶ ከፈተ። «ውርንጭላው አንድ እግሩን ወደ ኋላ አጥፏል» አልኩት። «ካልተስተካከለ ሁለቱም ይሞታሉ። የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።» ይህቺ የመጨረሻዋ ሠራች። ሮጦ ኢንስፔክተሩን ጠራ።

ኢንስፔክተሩ ጥርት ያለ አማርኛ የሚናገር፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበር። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ታውቅበታለህ?» አለኝ።

«ሥራዬ ነው።»

ካቴና አድርገው አወጡኝ። ጓሮው ስደርስ እጄን ዘረጋሁለት። «በዚህ እጅ አይሆንም» አልኩት። ትንሽ አሰበና ለሳጅኑ በአገጩ ምልክት ሰጠው፤ ተፈታሁ። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና የምግብ ዘይት እንዲመጣልኝ ጠየቅኩ። ጭንቅላቷን የሚይዝ የተረጋጋ ሰውም አልኩ። ፖሊሶቹ ተያዩ። ሐጂ በመስኮቱ «እኔ ልያዝላችሁ» አሉ። እሳቸውንም አወጧቸው። በኋላ እንደነገሩኝ በዕድሜያቸው ፈረስ ነክተው አያውቁም።

ገመዷን ይዘው በጆሮዋ ምን እንደሚሏት እንጃ፣ ቀስ ብለው ያወሯት ነበር። አስነሳናት፤ ስትቆም ምጡ ትንሽ ጋብ ይላል። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ድረስ ታጥቤ በዘይት ቀባሁ። እጄን ሳስገባ የውርንጭላው ምላስ ጣቴ ላይ ተንቀሳቀሰ፤ በሕይወት አለ። ጉልበቱ ታጥፎ አጥንት ላይ ተደግፏል። ምጡ ሲመጣ ክንዴን በአጥንቷና በውርንጭላው መሀል አጣብቆ ያስጮኸኛል። ጋብ ሲል ወደ ውስጥ ገፋ አደርገዋለሁ። ሰኮናው ማሕፀኗን እንዳይቀድ በመዳፌ ሸፍኜ ሳብኩት። ሁለቴ አመለጠኝ። በሦስተኛው እግሩ ተዘረጋ።

«ልቀቋት፣ ትተኛ» አልኩ።

ተኛች። አንድ ጊዜ አማጠች፣ ደገመች፣ ውርንጭላዋ ሹልክ ብላ ጭቃው ላይ ወጣች። ሴት ናት። አፍንጫዋን ጠርጌ ደረቷን በሣር አሸሁት። አነጠሰች። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ሳጅኑ ኮፍያውን አውልቆ ነበር። እኔ የታሰርኩ ሰው መሆኔን ለዚያች ሰዓት ረስቼው ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

ውርንጭላዋ ቆማ እስክትጠባ፣ የእንግዴ ልጁም እስኪወጣ እዚያው እንድቆይ ፈቀዱልኝ። ከዚያ ኢንስፔክተሩ ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ወንበር ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

«ጥሩ ሰው ነህ» አለ። «እዚህ የምትቆይበት ምክንያት የለም።» አንድ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። አነበብኩት። በስብሰባው ላይ የተናገርኩት ሐሰት እንደሆነ፣ ሕዝቡ በሜዳው ጉዳይ ቀድሞ ተጠይቆ መስማማቱን እንደማውቅ ይላል።

«ይሄ አልሆነም» አልኩ።

«ወረቀት ነው። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

«አልተጠየቅንም እኮ።»

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ «ያንተም ባዝራ ቀኗ ደርሷል አሉ። ሚስትህ ብቻዋን አይደለችም?» አለኝ።

ይህን ማን እንደነገረው አላውቅም። የያዙኝ ፖሊሶች ሰምተው ይሆናል። የውርንጭላዋ እግር እንዴት እንደታጠፈ ጣቶቼ አልረሱትም። የእኔዋ ባዝራም እንዲህ ብትሆንስ?

«ብቻዋን ናት» አልኩት። «ግን እሷም ታውቅበታለች።»

ወረቀቱን መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። አልተቆጣም። የኤግዚቢት መዝገቡን አወጣና መጻፍ ጀመረ። «አንዲት ዳማ ባዝራ፣ በጣቢያው አባላት ርብርብ ሴት ውርንጭላ ወልዳለች» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «እንደ ምስክር ፈርምበት።»

«ይስተካከል» አልኩት። «በሁለት ታሳሪዎች ርዳታ ይባል። ሐጂም ይጻፉ።»

ሳቅ ሊያመልጠው ነበር። የጻፈውን ሰርዞ እንዳልኩት ጻፈ። አንብቤ ፈረምኩ። ሳጅኑ ካቴናውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ኢንስፔክተሩ «ተወው፣ ራሱ ይሄዳል» አለው። ራሴ ሄድኩ።

በማግስቱ ሚስቴ ቆጮና ጎመን ይዛ መጣች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «ቡላዋ ትናንት ወለደች» አለችኝ።

«ማን አዋለዳት?»

«ማን ያዋልዳታል? እኔ ነኛ። ወንድ ነው፤ እንዳንተ ግትር ነው፣ ሲጎትቱት አይመጣም።» ከዚያ ሳጅኑ እያየን ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ።

ከሌላ አሥር ቀን በኋላ ክስ አልተመሠረተብህም ተብዬ ተለቀቅኩ። ሐጂ ከእኔ በፊት ወጥተው ነበር። ሜዳው ላይ የድንበር ችካል ተተክሏል፤ ፕሮጀክቱ ግን እስካሁን አልመጣም። ፈረሶቻችን በችካሎቹ መሀል ይግጣሉ፤ አንዳንዴም ይታከኩባቸዋል። ስብሰባ ሲጠራ እሄዳለሁ፤ የምለው ካለኝ እላለሁ።

ባለፈው ወር ሺሺንዳ ገበያ አንድ ድንጉላ ይዤ ቆሜ ሳለ ጃንጥላ የያዘ ሰው መጥቶ የፈረሱን አንገት ደባበሰ። ቀና ስል ኢንስፔክተሩ ነው። ጡረታ ወጥቷል፤ ሸሚዙ አሁንም ተተኩሷል። ሰላም ተባባልን። እርሻ እንደጀመረና የሚጋልበው ፈረስ እንደሚፈልግ ነገረኝ።

«ይሄ ለእርስዎ አይሆንም» አልኩት። «ሜዳ ላይ ጥሩ ነው፤ ቁልቁለት ግን ይፈራል።»

«ልትሸጥ አምጥተህ እንዲህ ትላለህ?»

«የሚገዛው ሰው ይወቀው ብዬ ነው።»

እጁን ከፈረሱ አንገት ላይ አነሳ። «ያን ቀን ብትፈርም ኖሮ አልንቅህም ነበር» አለ። «ብዙ ሰው ፈርሟል።»

«አውቃለሁ» አልኩት። የፈረሙትን እኔም አልንቃቸውም። እያንዳንዱ ቤቱ የሚጠብቀው ነገር ነበረው። የእኔ ሚስት ግን ፈረስ ማዋለድ ታውቃለች፤ በዚያ ላይ ያልተጠየቅነውን ተጠይቀናል ለማለት ምላሴ እንቢ አለኝ። ከዚህ የተለየ ጀግንነት አልነበረኝም።

እጄን ጨብጦ ሄደ። ድንጉላውን በዚያ ቀን የገዛው የለም። ወደ ማታ ጋልቤው ወደ ቤት ጉዞ ጀመርኩ። መንገዱ ወደ ወንዙ ማዘቅዘቅ ሲጀምር ቆሞ ጆሮውን አቀና። ከጀርባው ወርጄ ልጓሙን ያዝኩና ከፊቱ መሄድ ጀመርኩ። ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ተከተለኝ።