ሰዓዳ ለምን እንደወደቀች

ጠዋት ነኢማ ደውላ ነገረችኝ። ስልኩን ዘጋሁና መልሼ ደወልኩላት። የሰዓዳ ታላቅ እህት ናት፤ በዚህ እንደማትቀልድ አውቃለሁ። ግን ደወልኩ። ያንኑ ደገመችልኝ።

ሰዓዳ የለችም። ሦስት ቀን ትኩሳት ነበራት አሉ። ባለፈው ሳምንት እኮ ባጃጅ ውስጥ ሆና እጇን አውለብልባልኛለች።

ለማታውቋት፣ ሰዓዳ የድሬ ልጅ ናት፤ የመቶ ሜትር መሰናክል ሯጭ ነበረች። አብረን ነው የጀመርነው፤ ፀሐይ ሳትከር በማለዳ፣ ብየዳ ቤት በተሠራ የብረት መሰናክል። ሲነካ አይወድቅም፤ የሚወድቀው ሰው ነው። የሁለታችንም ቅልጥም ይመሰክራል። እኔ ቁስሌን ይዤ ስነጫነጭ "አቦ መሲ፣ አታካብጂ" ትለኝና ተመልሳ መነሻው ላይ ትቆማለች። ለሁሉም ነገር መልሷ ይቺው ነበረች።

ከዚያ ለአገር ተመረጥን። ውጭ አገር፣ ዓለም አቀፍ ውድድር። ተወዳዳሪው ጥቂት ስለነበር ማጣሪያ አልነበረም፤ በቀጥታ ፍጻሜ። ጎን ለጎን መስመር ደረሰን። እስከ ሰባተኛው መሰናክል ግማሽ እርምጃ ትቀድመኝ ነበር። እዚያ ላይ ወደቀች። ተነስታ የቀሩትን ሦስቱን ዘልላ ጨረሰች፤ የመጨረሻ ሆና። እኔ ሦስተኛ ወጣሁ።

ሁሉም ሰው መሰናክሉን መትታ ነው የወደቀችው ይላል። እውነቱ ይሄ ነው። እጄ ከመስመሬ ወጥቶ ክንዷን መታ። አውቄ አይደለም። ግን የኔ እጅ ነው።

የቡድን መሪው ሲቆጣት "እግሬ ነው" አለችው። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ድሬ ከተመለስን በኋላ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በእግራችን ስንሄድ፣ ለቡድን መሪው ሄጄ ልናገር አልኳት።

"ከሁለታችን አንዳችን ሜዳሊያ ይዘን ገባን አይደል? በቃ" አለችኝ።

እሷ ሁለተኛ አልተጠራችም። ፋብሪካ ገባች። እኔ ሁለት ዓመት ሮጥኩ።

ዛሬ ቀብሩ ካለቀ በኋላ ለቅሶ ቤት እናቷ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ጎረቤት፣ ያኔ ባትወድቅ ኖሮ የት በደረሰች እያለች ታወራ ነበር። ወደ እናቷ ዞሬ፣ የመታኋት እኔ ነኝ አልኩ። ልናገር አስቤ አልነበረም።

"አውቃለሁ ልጄ" አለችኝ። "የመጣች ቀን ነግራኛለች። ያልነገርኩሽ፣ 'መሲ ከቤታችን እንዳትቀር፣ እንዳወቅሽ አታሳውቂያት' ብላኝ ነው።"

ስንት ኢድ እዚያ ቤት በላሁ። ሁልጊዜ ከልጇ አስቀድማ ለኔ ነበር የምታወጣው።

ሰው ሁሉ ያለቅስ ነበር። እኔ አላለቀስኩም። ቤት ገብቼ ልብስ አጠብኩ፣ አሰጣሁ። ከዚያ ይሄን መጻፍ ጀመርኩ።

ሰዓዳ፣ ለሁሉም ስለተናገርኩ አትቀየሚኝ። እንባው ከመጣ ይመጣል፤ እስካሁን የለም። አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። ደህና ሁኚ እህቴ።

እናትሽ ነገም ነይ ብላኛለች። እሄዳለሁ።