የጋሽ አንጁሎ ሞተርና የታሰሩት ብሎኖች

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ሲቀላ

"ጨንቻ! ጨንቻ! አንድ ሰው ብቻ!" ይላል ረዳቱ፤ ሚኒባሱ ግን ግማሹ ባዶ ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በባጃጅ ቀድሜ ደርሻለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ትናንት በማስመሪያ ያሰመርኩት ቅጽ አለ።

የጉዞ ጓዶቼ ሁለት ናቸው። ጋሽ ታደሰ እዚሁ ሲቀላ ሞተር ሳይክል ይጠግናሉ። የመጀመሪያ ዓመት የሜካኒካል ተማሪ ስለሆንኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዣቸው እየሄድኩ እማራለሁ። አቶ ከድር ደግሞ ከስልጤ መጥተው የከተሙ የመለዋወጫ ነጋዴ ናቸው። ሁለቱም አሮጌ ሞተር ካዩ የሚሄዱበትን ይረሳሉ።

አዲስ አበባ ያሉ የአሮጌ ሞተር ወዳጆች ኤግዚቢሽን ያዘጋጃሉ። ጨንቻ ውስጥ ጋሽ አንጁሎ የሚባሉ አዛውንት አንድ ጣሊያን ሠራሽ ሞተር አላቸው፤ በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ተወዳድሬበታለሁ ይላሉ። "እውነት የውድድር ሞተር ከሆነ ከነስማቸው እናቆመዋለን፤ አይታችሁ ጻፉልን" ተብለናል። የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ጸሐፊው እኔ ሆንኩ።

2 ሰዓት፤ ዳገቱ ላይ

ሙዙና ሙቀቱ ከታች ቀሩ። በመስኮት ወደኋላ ሐይቆቹን ሳይ አባያ እንደ ሸክላ ቀልቷል፣ ጫሞ ሰማያዊ ነው። ሚኒባሱ በእያንዳንዱ ኩርባ ያቃስታል። ሾፌሩ የምንሄድበትን ሲሰማ ሳቀ።

"የአንጁሎን ሞተር ልታዩ? እኔ የማውቃት ጋቢ ስታመላልስ ነው። ዳገት ላይ በሬ ይቀድማታል!"

አቶ ከድርም ሳቁ፤ ጋሽ ታደሰ ግን "አይተን እንስቃለን" አሉ።

ዶርዜ ላይ ወርደን ትኩስ ቆጮ በዳጣ በላን። ዳጣው አስለቀሰኝ። ከዚያ በኋላ ብርዱ ጀመረ፤ እኔ ሹራብ አልያዝኩም።

4 ሰዓት፤ ጨንቻ

ጭጋግ፣ ቀርከሃ፣ እርጥብ እንሰት። ጋሽ አንጁሎ አጭር ሰው ናቸው፤ ኮት በጋቢ ላይ ደርበው በር ላይ ጠበቁን። ሸራውን ሲገልጡት ቅር አለኝ። ሞተሩ ከኋላው ትልቅ የዕቃ መጫኛ ፖርታ መጋላ ተሸክሟል፤ ከፊቱ የመኪና የሚመስል መብራት ተበይዶበታል።

"ወላሂ፣ ይቺ የወባ ረጪዎች ሞተር ናት" አሉ አቶ ከድር።

"መብራቱንም ፖርታ መጋላውንም እኔ ነኝ ያስበየድኩት" አሉ ጋሽ አንጁሎ። "ጋቢ ወደ ሲቀላ በምን ላውርድ? በውድድር እንጀራ አይበላም።"

አሠሪያቸው የነበረ ጣሊያናዊ በአብዮቱ ጊዜ አገሩ ሲገባ ነው ሞተሩን የሰጣቸው። ከዚያ በፊት ጋራዡ ውስጥ ሞተር ያጥቡለት ነበር፤ አንድ ጊዜ ታሞ ከውድድር ሲቀር እሳቸው በፈንታው ወጡ።

ሰልባትዮው ላይ፣ ቤንዚን የሚሞላበት ጎን፣ 27 የሚል ቁጥር በነጭ ተጽፏል። ደስ ብሎኝ ቅጹ ላይ "የውድድር ቁጥር፣ የጥንቱ ቀለም" ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ አንጁሎ ጎንበስ ብለው አዩት።

"እሱን ሰርዘው፣ ልጄ። የድሮው ሲለቅ መልሼ የቀባሁት እኔ ነኝ።"

"አባቴ፣ ይህን ባይናገሩት ማን ያውቃል?" አሉ አቶ ከድር።

"እኔ አውቃለሁ። ጎሜ ነው።"

ጋሞዎች ጎሜ የሚሉት የተከለከለ ነገር መሥራትን ነው፤ መዘዙ ለቤትም ለከብትም ይተርፋል ይላሉ። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። "እንዲህ ሲመልስ ነው እኮ ጎረቤቶች የሚስቁበት። በሞተር የሮጠ ሰው ለቅሶ ቤት ሁልጊዜ ለምን ይዘገያል? ይሉታል።" ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

ሰረዝኩት። አቶ ከድር ሰዓታቸውን አዩ።

ጋሽ ታደሰ ሆዱን እንይ ብለው ተንበረከኩ። የዘይት ማውረጃው ብሎን በቀጭን ሽቦ ታስሯል። ሲቀላ ውስጥ በሽቦ ያልታሰረ ባጃጅ የለም፤ ብሎን ሲላላ ሽቦ ነው መፍትሔው። ስለዚህ "በሽቦ የተጠገነ" ብዬ ጻፍኩና፣ ለማገዝ ቸኩዬ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጥኩት።

"ለምን ትቆርጣለህ!" ጋሽ አንጁሎ ጮኹ። "አሁን ዳኛው ያስገባሃል?"

እሳቸውም በራሳቸው ጩኸት የደነገጡ መሰሉ።

"የምን ዳኛ?" አሉ ጋሽ ታደሰ ቀስ ብለው።

"የውድድሩ ነዋ። ብሎኑ ተፈቶ ዘይት መንገዱ ላይ ከፈሰሰ ከኋላ የሚመጣው ይሞታል። መጀመሪያ የሚያዩት ሽቦውን ነው።"

ጋሽ ታደሰ ብሎኑን በጨርቅ ጠረጉት። ራሱ ላይ ስፒል ብቻ የምታሳልፍ ቀጥ ያለች ቀዳዳ አለች፤ ዙሪያዋን የደረቀ ዘይት ይዟታል። የማርሽ ሳጥኑ ብሎንም እንደዚያው። "ጋቢ ለማመላለስ ይህን የሚበሳ የለም" አሉ።

ጋሽ አንጁሎ አዲስ ሽቦ አስመጡ። ሽቦውን አሳለፉት፣ እኩል እኩል ገመዱት፣ ብሎኑ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ስበው አሰሩት። አቶ ከድር ኮፍያቸውን አወለቁ።

"አባቴ፣ ስለ ወባው ይቅር ይበሉኝ።"

ባለቤታቸው ወደ ጎረቤት ወጡ። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ድምፃቸው ተሰማ፤ ይሰማ ተብሎ ስለ ውድድሩ የሚወራ ወሬ ነበር።

8 ሰዓት፤ መሄጃችን

አንድ ፌስታል ፖም ተሰጠን። ጋሽ አንጁሎ ቅጼን አየት አደረጉ። "ይህ ባዶው ምንድነው?"

"ውጤት የሚል ነው፣ ጋሼ። 'ተወዳድረዋል' ብዬ እሞላዋለሁ።"

"አይበቃም። የሆነውን ጻፍ" አሉና ነገሩኝ።

11 ሰዓት፤ ግቢ

ዶርም ገብቼ ቅጹን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ሞተሩ፦ የውድድር፤ ብሎኖቹ ለሽቦ የተበሱ። መብራትና ፖርታ መጋላ፦ በኋላ የተበየዱ። ቁጥር፦ በባለቤቱ ዳግም የተቀባ። የብሎን ሽቦ፦ የጥንቱን እኔ በስህተት ቆርጬዋለሁ፤ አዲሱን ጋሽ አንጁሎ አስረውታል።

ውጤት፦ በሁለተኛው ዙር ከሞተሩ ላይ ወድቀዋል። ዘይት አልፈሰሰም።